መከዳሽ ያለበት ወንበር

ዘይንዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ቀብርሽንም አላህ ያስፋልሽ። ካንቺ በኋላ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንደጾምኩት አላስታውስም፤ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ሐዘኑም የጋራ ነበር። የዘንድሮውን ግን ብቻዬን አፈጠርኩት። ቴምሬን ውጬ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳው ነው፤ እሱንም ታውቂዋለሽ፣ እንቀባዋለን እንዳልን የቀረው ነው።

የግቢውን በር ግን ቀብቼዋለሁ። አንቺ ሰማያዊ ነበር የምትፈልጊው፤ እኔ አረንጓዴ ቀባሁት። ሻጩ ሰማያዊውን ጨርሶ ነበር፣ ሁለተኛ ሱቅ ደግሞ አልሄድኩም። አትቆጪኝ። የኮኩ ዛፍ ዘንድሮ ጥሩ ይዞ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ሳይበስል ጨረሱልኝ። የጦሳ ተራራም ከሰዓት በኋላ ጉሙን ማውረዱን አልተወም። ዝናብ ሲመጣ የጎረቤት ዶሮዎች አሁንም የሚጠለሉት መኪናችን ስር ነው። ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ጎንበስ ብዬ እሽ እሽ እላለሁ፤ ያ ያንቺ ሥራ ነበር።

መኪናዋ ደህና ናት። ቦሎዋን አሳድሻለሁ፣ የኋላ ጎማዎቿን ቀይሬያለሁ። የደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያስነጥሳታል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ እሷ ጤንነት ልነግርሽ አይደለም፤ ስለ ፊተኛው ወንበር ነው። ስለ ቦታሽ። ካንቺ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ በዚሁ የተነሳ መኪናዋን ሸጬ፣ ቤቱንም አከራይቼ ከደሴ ልወጣ ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር።

መኪናዋን የመረጥሽበትን ቀን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስወርድ ስወጣ የኖርኩ ሰው፣ ጡረታ በወጣሁ ማግስት መኪና ልግዛ ስል ሰፈሩ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ፤ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ነው ያሉኝ። እኔ በልቤ የምመኘው ፒካፕ ነበር፤ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ የማይለግም፣ ከላይ ሆኜ ሰውን ቁልቁል የማይበት። አንቺ ስለ ሞተር አንድም ቀን አልጠየቅሽም። ማለዳ ተነስተሽ የግቢያችንን በር ስፋት በሲባጎ ለካሽና ቋጠርሽ። ከዚያ ጓዳ ገብተሽ የቅሬውን ትልቁን ብረት ድስት የወገብ ስፋት በሌላ ሲባጎ ለካሽ። የቅሬያችን ዕቃ ያዥ ነበርሽና ለቅሶ ቤት የሚሄደው ድስትና ሳህን ሁሉ የሚያድረው እኛ ጓዳ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት ቅሬ ስለሆነ ድስቱ ብዙም አያርፍም፤ አንዴ በጋሪ፣ አንዴ በባጃጅ ስታጓጉዢው ኖረሻል።

ሁለቱን ሲባጎ ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ ኮምቦልቻ ወረድን። ደላላው ኮፈን ከፍቶ ስለ ሞተሯ ሊያስረዳን ሲጀምር አንቺ ትተሽው ዞርሽና የመጀመሪያውን ሲባጎ በመኪናዋ ግንባር ላይ ዘረጋሽ። ከቋጠሮው መለስ ብላ ቀረች። ቀጥለሽ የኋላ በሯን ሽቅብ አስከፍተሽ ሁለተኛውን ሲባጎ አስገባሽ። አልገባም። ሰውየው ሳቁን እየዋጠ "እማማ፣ የምትገዙት መኪና ነው ጎተራ?" አለሽ። አንቺም ፈገግ ሳትዪ "የምንገዛው መኪና ነው፤ የሚጫነው ድስት ነው" አልሽው። የኋላ ወንበሮቹን ሲያጥፍልሽ ሲባጎው ደህና አድርጎ ተዘረጋ፤ ፊትሽ በራ። እኔ ፒካፔ እንዳመለጠኝ ገብቶኝ ነገሩን ላበላሽ "ወንበሩ ከታጠፈ ሰው የት ሊቀመጥ ነው?" ብዬ ጠየቅሁሽ። "ከድስቱ ጋር የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ ካንተ ጎን ይበቃዋል" አልሽኝ። ያቺ ነጭ ቪትዝ እንዲህ በሲባጎ ተመርጣ ቤታችን ገባች።

ወንበሯ ላንቺ ዝቅ አለብሽ። ከዳሽቦርዱ ወዲያ የሚታይሽ ሰማይ ብቻ ነበር። ከመጋረጃችን በተረፈው ጨርቅ መከዳ ሰፍተሽ፣ ጥጥ ጠቅጥቀሽ ወንበርሽ ላይ አደረግሽው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ከኔ ቀድመሽ ማየት ጀመርሽ። ላም መጣች፣ ባጃጅ ገባብህ፣ ቀስ በል። ሐረጎን ስንወርድማ ቀኝ እግርሽ አያርፍም። መዞሪያ በደረስን ቁጥር ካንቺም በኩል ፍሬን ያለ ይመስል ምንጣፉን ትረግጪዋለሽ። "ፍሬኑ ያለው እኔ ጋ ነው" ስልሽ "ያንተማ ያንተ ነው፣ ይሄ የኔ ነው" ትይኝ ነበር። ምንጣፉ በዚያ በኩል ተበልቶ የእግርሽ ቦታ ለብቻው ሰርጎድ ብሏል። ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ ሲቀበለን ሻርፕሽን አውልቀሽ መስኮቱን ዝቅ ታደርጊያለሽ፤ እኔም ኮምቦልቻ መድረሳችንን የማውቀው በዚያ ነበር።

መንገድ ዳር የቆመ ሰው ማለፍ ደግሞ አትችይም። እኔ ሚኒባስ ስጠብቅ የኖርኩትን ብርድ ሁሉ አንቺ የጠበቅሽው ይመስል አቁም፣ አቁም ትያለሽ። ከፒያሳ ቤታችን ለመድረስ የአጭር ጊዜ መንገድ ነበር፤ እኛ ግን የማንንም ጤና ሳንጠይቅ፣ የማንንም ዘንቢል ሳንጭን ገብተን አናውቅም። ይሄ ሁሉ ወሬ ራሴን ያዞረኛል እያልኩ ሳማርር ኖሬያለሁ።

በኋላ መንገዳችን ሁሉ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ ወደ ሐኪም ሆነ። ያን ወራት ብዙ አላነሳብሽም። አንድ ቀን መከዳሽ ላይ ተቀምጠሽ ላሟም ባጃጁም ሲያልፍ ዝም አልሽ፤ ያን ዕለት ገባኝ። ያንቺ ለቅሶ ጊዜ ትልቁን ድስት ለማድረስ መኪና አላስፈለገም። ከጓዳችን ወደ ግቢያችን ማውጣት ብቻ ነበር።

ሰው ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ መጀመሪያ መኪናዋ ውስጥ የገቡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ የቅሬውን ዕቃ ካንቺ የተረከቡት እሳቸው ናቸው፣ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ታውቂያለሽ። ፊት ይግቡ ስላቸው መከዳውን አዩና "ኧረ እዚህ ይመቸኛል" ብለው ያን የማይታጠፍ ጉልበት በሁለት እጃቸው አንስተው ከኋላ አስገቡት። አልተመቻቸውም። ጉልበታቸው የወንበሬን መደገፊያ እየገፋ እስከ ገበያ ድረስ በጀርባዬ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ እንዲያው ሆነ። ተማክረው አይመስለኝም፤ ይሉኝታ ምክር አይፈልግም። መከዳውን ያዩና የሟች ቦታ ነው ብለው ወደ ኋላ ይገባሉ። ሦስት በሚይዘው ላይ አራት ይሆናሉ፣ አንዷ ሌላዋ ጭን ላይ ትወጣለች፤ የኔ ጎን ባዶውን ይሄዳል። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው እርስ በርስ ያወራሉ። ላንቺ ክብር ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሰው እየጫንኩ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ፤ ጨዋታቸውን በስፖኪዮ ከማየት በቀር የሚደርሰኝ የለም። መከዳውን ላነሳ አንዳንዴ እጄን እሰዳለሁ፤ መልሼ እሰበስበዋለሁ። ካነሳሁት የማንም ወንበር ይሆናል ብዬ እፈራለሁ፤ ካላነሳሁት ደግሞ ማንም አይቀመጥም።

አንድ ቀን ሸዋ በር ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። ወደ ውስጥ አየና "አባባ፣ በግል መኪና ታክሲ እየሠሩ ነው?" አለኝ። አይፈረድበትም። ፊቱን ባዶ አድርጎ ኋላውን ጥቅጥቅ ያደረገ ሽማግሌ ሌላ ምን ሊመስለው ነው? ከኋላ አንዷ "አፈር ስሆን ልጄ፣ የባለቤቱ ቦታ ነው፣ አላህ ወስዷት ነው" አለችው። ልጁ መከዳውን አየት አደረገ፤ "አላህ ይርሃማቸው" ብሎ ሸኘን። ትርፍ ስለመጫኔ እንኳን አልተናገረኝም። ሴቶቹ እስከ ሰፈር ሲስቁ ሄዱ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ግቢ ገብቼ ሞተር ካጠፋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። አገሩ ሁሉ ተስማምቶ ብቻህን ንዳ ያለኝ መሰለኝ።

ልጃችን ሐያት ፊቴን አይታ ነገሩ ገብቷታል። ቤቱን አከራይተህ፣ መኪናዋን ሽጠህ ኮምቦልቻ እኛ ጋ ኑር አለችኝ። እዚያ ይሞቃል፣ የልጅ ልጆችም አሉ፤ ለኔው አስባ ነው። ከዐረፋ በፊት መልስህን ስጠኝ ብላኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሺ ልላት ነበር። ቤቱም ብቻዬን፣ መኪናውም ብቻዬን፤ ታዲያ ደሴ ምን ይሠራልኛል አልኩ። የተቀበርሽበትን አፈር በእግሬ ሄጄ የማየው ከዚህ ሆኜ መሆኑን እያወቅሁ እንኳን ለገዢ ቀጠሮ ሰጠሁ።

ከቀጠሮው በፊት ድስቱ ተጠራ። ወደ ኮምቦልቻ ቤት የቀየሩ፣ ከቅሬያችን ግን ያልወጡ የድሮ ጎረቤቶቻችን እናታቸው አረፉ። ሰዉ በሚኒባስ ወረደ። እኔ የኋላ ወንበሮቹን አጠፍኩ፣ ሰዎች ድስቱን ተሸክመው አመጡት፤ ሲባጎሽ እንዳለው አንዲት ጣት ሳያተርፍ ገባ። ሳህኑንና ጭልፋውን ሆዱ ውስጥ ከተትን። የኋላ በሩን ስዘጋ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። ዕቃውን ተከትለው መሄድ አለባቸው። ወደ ኋላ አዩ፣ ድስት ነው። ወደ ፊት አዩ፣ መከዳ ነው። ካፊያው እየጀመረ "እኔ በሚኒባስ እደርስብሃለሁ ሰይዶ" አሉና በዚያ ጉልበት ቁልቁለቱን ሊጀምሩት ተነሱ።

ያን ጊዜ ነው ደላላው ፊት ያልሽኝ ትዝ ያለኝ። ፊተኛውን በር ከፍቼ ያዝኩና "እትዬ አስካለ፣ አፈር ስሆን ይግቡ። ይሄ ከድስቱ ጋር የሚሄደው ሰው ቦታ ነው፤ ያለችውም ራሷ ናት" አልኳቸው። "መከዳውስ?" አሉኝ ቀስ ብለው። እንደ እሷ አጭር ነዎት፣ ይቀመጡበት አልኩ። አንቺ ቢስሚላህ በምትይበት ቦታ እሳቸው አማተቡና ተቀመጡ።

ሐረጎ እስክንደርስ ድስቱ ብቻ ከኋላ ይንኳኳል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ ቀነስኩ፤ መጀመሪያው መዞሪያ ላይ ከባድ መኪና ብቅ አለብን። እትዬ አስካለ ቀኝ እግራቸውን ሰድደው ምንጣፉን ረገጡ። ዞር ብዬ አየሁ፤ የረገጡት አንቺ ያሰረጎድሽውን ቦታ ነው። በሚቀጥለው መዞሪያም ረገጡ። እሳቸው በረገጡ ቁጥር እኔ ፍሬን ያዝኩላቸው። ታች ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ዘይነባ በዚህ መንገድ እንዴት ትሆን ነበር?" ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እስከ ለቅሶው ቤት ድረስ ስላንቺ አወራን። ከጎኔ ሆኖ ስምሽን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ካንቺ ወዲህ የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው።

ማታ ሐያት ቤት ጎራ ብዬ ደሴ እንደምቆይ ነገርኳት። ትንሽ አኮረፈች፤ ከዐረፋ በኋላ ልጆቹን ይዛ ልትመጣ ተስማማን። ሞት ይርሳኝ፣ ገዢውም መጥቶ ነበር፤ አየሽ፣ ላንቺ እየጻፍኩ እንኳን ይቺ ቃል ታመልጠኛለች። መኪናዋ አትሸጥም አልኩት፤ ዶሮዎቹ ስሯ ተኝተው ሰውየውን ያዩታል።

የምገባልሽ ቃል ይህ ነው። መከዳሽን አላነሳውም፣ ባዶውንም አላስኬደውም። የሚቀመጥበትን ሰው የማን እንደሆነ ነግሬ አስቀምጠዋለሁ፤ ጥጡ ሲተኛ አስቀይረዋለሁ። የግቢውንም በር ሰማያዊ እቀባዋለሁ፣ ሁለተኛም ሦስተኛም ሱቅ እሄዳለሁ። ሐረጎን ስወርድ ደግሞ ቀስ እላለሁ። ፍሬኑ አሁንም ካንቺ በኩል ነው።

የሐያት አባት