የዛፉ ውሃ በጸበል ጋሎን

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬም ከሥራ ስገባ እግሬ አብጦ ነበር። ሌሊት እየበረደ ቀን ስለሚሞቅ የጓሯችን ሜፕል የሚባለው ዛፍ ዘንድሮ ውሃውን ቀድሞ ማንጠብጠብ ጀምሯል፤ እኔ ግን ገና መቀበያ ባልዲ እንኳ አልገዛሁም። ልጄ ሃና ግንዱን በድሪል ከበሳችው ወዲህ ያገኘሁትን ዕቃ ሁሉ እያጠብኩ አጠራቅምበታለሁ። ትናንት ዕቃ ሲያልቅብን የጥምቀት ጸበል ያመጣንበትን ጋሎን ሞልቼ ፍሪጅ ከተትኩት። የዛፉ ውሃ ሲያዩት ከውሃ አይለይም፤ ብዙ ፈልቶ ነው እንደ ማር የሚጣፍጥ ሽሮፕ የሚሆነው።

ዛሬ ሳየው ጋሎኑ ተጋምሷል። የባለቤቴ እናት ጸበል መስሏቸው ማታ ጉልበታቸውን አሽተውበት፣ ጠዋት ደግሞ በባዶ ሆዳቸው ጠጥተውታል።

"እንዲህ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ" አሉኝ። "የዘንድሮው ደግሞ ጣፈጥ ይላል።"

ሃና ሳቋ ሲያመልጣት በዓይኔ ገሠጽኳት። "ማሚ፣ ንገሪያት እንጂ" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ምን ብዬ? የዛፍ ውሃ ነው ብላቸው ያቺን አንዲት ሌሊት እንቅልፋቸውን ልነጥቃቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ በጸበል ስም ማታለል ይሆንብኛል። ደክሞኝ ስለነበር ማሰቡም ከበደኝ።

ከእራት በኋላ እንደ ምንም ልነግራቸው ስል ቀደሙኝ። ጋሎኑንና ሳፋውን ይዘው መጡ።

"አንቺም ቆመሽ ነው የምትውዪው። ነይ እግርሽን ልጠብሽ።"

ካልሲዬን አወለቅሁ። ውሃው ከፍሪጅ የወጣ ስለሆነ አጥንት ይሰብራል፤ እግሬን ግን አልሰበሰብኩም።