ዕጢው ጋ ብቻ የሚለቀቅ መድኃኒት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ተሳካልኝ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምሞክረው፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ፖሊመር (ግዙፍ ሞለኪውል) የካንሰር መድኃኒቱን ደም በሚመስለው ፈሳሽ ውስጥ ይዞ ቆየ፤ ፈሳሹን እንደ ዕጢ አሲዳማ ሳደርገው ለቀቀው። አማካሪዬ "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ኮራሁ።

ቀጨኔ ያለው ቤታችን እንደገባሁ ለእማዬ ነገርኳት። ኬሞዋን ከጨረሰች ገና ሁለት ወሯ ነው።

"ይሄኛው ፀጉር አያረግፍም?" አለችኝ።

"ዕጢው ጋ ብቻ ከተለቀቀ ላያረግፍ ይችላል። ግን ገና በብልቃጥ ነው እማዬ፤ ሰው ጋ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል።"

"ይፍጅ። ከእኔ በኋላ ለሚታመሙት ይደርሳል።"

ከዚያ ያለ ሻሽ ደጅ ወጣች፤ ከታመመች ወዲህ እንዲህ ወጥታ አታውቅም። ጎረቤታችንን ጠርታ፣ "ልጄ መድኃኒት ሠራች" አለቻት።

ገና አልሠራሁም። ላርማት ተከትያት ወጣሁ፤ ያለ ሻሽ ቆማ ሳያት ግን እርማቱን ትቼ አጠገቧ ቆምኩ።