ክንዷ እጄን ስትማር

ሰኞ፣ ጥር 5

ጠዋት የብረት ሥራ ቤቱን ከፈትኩ። ከጭድ ተራ የሚመጣ ጋሪ በራፌ ላይ ተገትሮ መንገድ ዘጋ። ተሰዳደብን። ደህና ቀን ነው።

የልጄ የሱንዱስ ብረት ቆራጭ ማሽን፣ ክንድ የምንላት፣ ሥራ ልትጀምር ነው። ከቻይና የመጣች፣ ያገለገለች። ስድስት መገጣጠሚያ አላት፣ አንዱም አያማትም... ከኔ ጉልበት ትሻላለች። ሱንዱስ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ ትደረድርላታለች። ሂጂ። ውረጂ። እሳት አብሪ። ቁረጪ። እሳት አጥፊ። ተነሺ። አንዷ ትእዛዝ ቦታዋን ከሳተች ማሽኗ እሳቱን እንደያዘች ላሜራው ላይ ትጋልባለች። ልጄን ለዚህ ነው ያስተማርኳት?

ጨርቅ አስመጪው ዘከሪያ የግቢ በር አዟል። ሙሉው ሐረግና ቅጠል። "ጋሼ ጠሃ፣ ከእርስዎ ቤት ውጭ አላሠራም" አለኝ። ሰው እጅ ያውቃል።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ተጣላን። ሱንዱስ ቅጠሉን ከስልኳ አወጣች። የሞተ ቅጠል።

"ይሄን በር ላይ አልለጥፍም" አልኳት።

"እና ምን ይሁን አባ?"

"እጄን ትማር።"

ከሠራተኛዬ ከይገረም ጋር ተያዩ። እሱ አንገቱን ደፋ። ምን አንገት ያስደፋል?

ይቻላል አለች በመጨረሻ። ጫፏን ይዤ ስመራት መንገዱን ትመዘግባለች። ትእዛዙ ከእጄ ይወጣል ማለት ነው። እንዲህ ነው እንጂ!

ሐሙስ፣ ጥር 8

እሳት ሳይበራ መራኋት። ሐረጉን ከነቅጠሉ። ቀላል ናት፣ እጁን እንደያዝከው ሕፃን ትከተላለች። ደስ አለኝ... ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ እሳቱን አብርታ ብቻዋን ደገመችው። የቅጠሉ ጠርዝ መጋዝ መሰለ። ጥርስ ጥርስ።

"ሰክራለች" አልኩ። "ብሎኗ ላልቷል። አጥብቀው።"

ይገረም አጠበቀ። እንደገና። ያው ጥርስ፣ ያው ቦታ ላይ።

"ጠረጴዛው ነው የሚነቃነቀው።" ከሥሩ ድንጋይ አስገባን። ያው።

ሱንዱስ የራሷን ትእዛዝ ጽፋ ቀጥ ያለ መስመር አስቆረጠቻት። እንደ ምላጭ።

"እጅ ሲንቀጠቀጥ ኮምፒውተሩ ያለሰልሰዋል አባ... አንድ ቁልፍ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ትቻቸው ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥር 9

ከጁምዓ መልስ ይገረምን ለብቻው ያዝኩት።

"እኔ የቆረጥኩትን ጠርዝ ሞረድ የሚያስነካው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ማን አዘዘህ?"

"እትዬ ሰዓደት። በሕይወት እያሉ። እንዳያይ አሉኝ..."

ሚስቴ። አላህ ይዘንላት። ሻይ ስትቀዳልኝ ከብርጭቆው ግማሽ አታሳልፍም ነበር። ንፉግ እያልኩ ሰው ፊት ስቄባታለሁ። ለካ እንዳላፈስ ነው።

እሑድ፣ ጥር 11

ይገረም ለጥምቀት ወጥቷል። ሥራ የለም። እጄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ቂም ያዝኩበት።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሱንዱስ ያለሰለሰችውን አሳየችኝ። ቆንጆ ነው። የኔን ይመስላል... የድሮውን። "ለዘከሪያ የአባቴ እጅ ነው እለዋለሁ" አለች። አልቀበልም። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ አልሸጥም። ሥራው ከቀረም ይቅር።

ዘከሪያ መጋዘን ድረስ ሄድኩ።

"እጄ ይንቀጠቀጣል። የማሽን ልስላሴ ነው የምሰጥህ። ካልፈለግህ ለሌላ ስጠው።"

ወንበር ሳበልኝ። ዓይኔን አላየም።

"አፉ ይበሉኝ ጋሼ... በፊት የሠሩልኝን የመጋዘን በር በሌላ ሰው አስተካክያለሁ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ሲያሳድጉኝ የኖሩ ሰው!"

"ታዲያ ይሄን ሥራ ለምን ሰጠኸኝ?"

"ሱንዱስ ማሽን አመጣች ሲሉኝ ነዋ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ወጥቼ ያለ ጉዳይ ሸማ ተራ ድረስ ሄድኩ።

ይሉኝታ። ሚስቴ፣ ልጄ፣ ሠራተኛዬ፣ ደንበኛዬ... ሁሉም እንደ እንቁላል ይዘውኝ ኖረዋል። እኔ ደግሞ አንበሳ ነኝ ብዬ ስጎማለል! ይሉኝታ የሌላት ያቺ ብረት ብቻ ናት። ያሳየኋትን መልሳ አሳየችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

የኔን መንገድ አጥፊው አልኳት ሱንዱስን። ክንዷን ይገረም ይምራት።

"ኧረ ጋሼ! እኔ?"

"ጠርዙን ስታስተካክል የኖርከው አንተ አይደለህ? ታውቀዋለህ።"

መራት። እኔ ተቀምጬ አየሁ። መቀመጥ እንዲህ ይከብዳል? የመጀመሪያው ቅጠል ደህና። ቀጣዩ ደህና። ከዚያ አንዱ ጎኑ ሰፋ። ይገረም ቀና ብሎ አየኝ። ሱንዱስም አየችኝ። "ጎበዝ" ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ወፍሯል" አልኩ። "አጥፉትና እንደገና።"

ፊቱ ጠቆረ። "ጋሼ ደግሞ..."

"ደግሞ ምን? አሁን ከኔ ብትሰማው ይሻልሃል።"

ሱንዱስ አጠፋችው። ይገረም እያጉረመረመ ጫፏን እንደገና ያዘ።