የአባትህ ስም ያለበት መፍቻ

ዌንዴል፣

እራትህ ምድጃው ውስጥ ነው፣ አሙቀው።
ነገ ጋራዥ ስትገባ የትልቁ መፍቻህን ቦታ ባዶ ታገኘዋለህ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«በመኪና እየዞረ መፍቻ ከሚሸጠው ሰውዬ መግዛት ለስሙ መክፈል ነው» እያልኩ ስስቅብህ ከርሜ፣ ዛሬ አንድ የዛገ ቡሎን ርካሹን መፍቻዬን ሰበረው። ያንተን ሳልጠይቅ አነሳሁ፤ እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቼ ስጫነው ጎበጠ።

ሰውዬው ከሰዓት ሲመጣ አሳየሁት። «የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው፣ ምን አስጨነቀህ?» ብሎ አዲስ ሰጠኝና አሮጌውን ወሰደ። ሳይታወቅብኝ ቀረ ብዬ ደስ አለኝ። አባትህ ከመሞታቸው በፊት እጀታው ላይ የቀረጹት ስማቸው ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ለሰውዬው ደወልኩለት። «ጠዋት ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ይሄዳል፤ ከፈለግከው አዲሱን ይዘህ አሁኑኑ ና» አለኝ። እሱ ወዳለበት ወደ ፎርት ዌይን መሄዴ ነው።

መዶሻና ፒንሳ ከየትም ይገዛል። መፍቻ ግን ከሰውዬው ነው፤ ልክ ነበርክ።

ካገኘሁት የማመጣልህ አንድም ቡሎን የማይፈታ ጎባጣ ብረት ነው። አዲሱ ይሻልሃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም፤ ፊትህን ማየት ፈራሁ።

ላይል