ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ

ውድ ጩጬ፣

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። አሰልጣኝሽ አይደለችም፤ የሥልጠናችሁ ደንብም አይደለም፤ የኔ ትከሻም አይደለም። ብዙ አስቤበታለሁ። ሌላ ሰው ላይ ላላክክ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልጻፍልሽና ወደ ሌላው ልሂድ።

«ማን ጻፈላት?» ትዪ ይሆናል። ማንም አልጻፈልኝም። ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንቺ ሥልጠናሽን ስትጀምሪ እኔም ልብስ ከምተኩስበት ላውንደሪ ስወጣ ከቤታችን ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች የሚሰጠው ክፍል ገባሁ። የሚያስተምረን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው የፋብሪካ ጥበቃ የመጀመሪያው ቀን፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሀ ሁ! የመቃብሬን ጽሑፍ ራሴ ልጽፍ ነው እንዴ?» ሲል፣ ፖስተኛው «ቢያንስ ስምህ አይሳሳትም» አለው። ያን ቀን በጣም ስቄአለሁ። ላንቺ ያልነገርኩሽ ለምርቃትሽ ላስደንቅሽ ብዬ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን ስንት ገጽ ላይ እንደተለማመድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ላንቺ የምጽፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ይሆናል ብዬ ነበር። ይህ ሆነ።

የነገሩን አመጣጥ ታውቂዋለሽ። ግን ጽፌ ልየው።

«ከመድኃኒት ቤቱ ለቅቄአለሁ፤ ዮጋ አስተማሪ ልሆን ነው» ያልሽኝ ቀን ሸሚዝ እያጠፍኩ ነበር።

«ደግሞ ምንድን ነው እሱ?»

«ሰውን ማንቀሳቀስ፣ ማስተንፈስ፣ ማሳረፍ።»

«ሰው መተንፈስ ይማራል እንዴ? እኔ ሳልማር ሃምሳ አምስት ዓመት ተነፈስኩ።»

«አንቺማ እስከ አንገትሽ ድረስ ነው የምትተነፍሺው እትዬ። ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም።»

ሳቅሽ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነትሽን ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ሰው እንቅስቃሴ ማሠራት ተማርሽ። እቤት ወለሉ ላይ ተጋድመሽ የአጥንት ስም ትሸመድጃለሽ፤ እኔ ድስቱን ይዤ በላይሽ እሻገራለሁ። በሁለተኛው ዓመት ከአስተማሪነት አልፌ ቴራፒስት ልሁን አልሽ። ለዚያ ደግሞ አንድ የታመመ ሰው ይዘሽ ሃያ ጊዜ ማከም፣ በየጊዜው ያየሽውን መጻፍ፣ መጨረሻ ላይ ፈታኞች ፊት ማቅረብ ነበረብሽ። ዘመድ አይሆንም ይላል ደንባችሁ። ዘመድ ለዘመዱ እውነቱን አይናገርም፤ ቴራፒስቱም ዘመዱን አጥርቶ አያይም ብለው ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ሞኝ አልነበረም።

የያዝሻት ሴትዮ ሦስተኛው ቀን ላይ ቀረችብሽ። ፊትሽ ጠቁሮ መጣሽ።

«እትዬ፣ ያንቺ ትከሻ እንደሆነ ታሟል። ጎረቤቴ ናት እላቸዋለሁ።»

«የስንት ቤት ጎረቤት?»

«አንድ አምስት ቤት አልፎ።»

«አምስት ቤት ምን አላት፣ ተጠራርተን እንሰማማለን» አልኩሽ። ውሸቱን ተስማምቼ ነው የገባሁበት። ይህንንም ልጻፈው።

ማክሰኞና ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማሠልጠኛችሁን ሕንፃ አምስት ፎቅ እወጣለሁ። አራተኛው ላይ የጥርስ ክሊኒኩ አለ። እናንተ ዘንድ ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ እንጨት ነው፤ አንዱ ግድግዳ ሙሉውን መስታወት ነው፤ መደርደሪያው ላይ ብርድ ልብስ፣ ቀበቶና እንደ ጡብ የተቆረጠ ቡሽ ተደርድሯል። ብርድ ልብሶቹን ያጠፋቸው ሰው ማጠፍ አያውቅም፤ በመጀመሪያው ቀን እጄን በላኝ፤ ጎረቤት ነኝና ዝም አልኩ። በሩን ሳልፍ «እርስዎ» ትዪኛለሽ። ቅጹን ስትሞዪ «ተገልጋይዋ» እባላለሁ። ከደረጃው ወርደን መንገድ ስንሻገር ደግሞ «እትዬ፣ ቀስ በይ መኪና!» እያልሽ ክንዴን ትይዣለሽ። አንድ ቀን ተሳስቼ «ጩጬ፣ ትራሱ ይቆረቁረኛል» ብዬሽ አሰልጣኝሽ ዞር አለች። «በሠፈር የሚጠሩኝ ነው» አልሻት። ጎበዝ ነሽ፤ ቶሎ ነው የመጣልሽ።

በየጊዜው ስትጀምሪ «ከአሥር ስንት ያምዎታል?» ትዪኛለሽ። ስምንት ሲሆን ስድስት እልሻለሁ። ስድስት ሲሆን አራት። እንድታልፊ ነው።

በሰባተኛው ጊዜ በጀርባዬ አስተኛሽኝ። ከጉልበቴ ሥር ረዥሙን ትራስ አደረግሽ፤ ዓይኔን በጨርቅ ሸፈንሽ፤ ጭንቅላቴን በሁለት እጅሽ ያዝሽ። እጅሽ ጥሩ ነው፤ እሱን አልክድሽም። ከታች የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ይጮሃል። «ወደ አእምሮዎ የመጣውን ሁሉ መናገር ይችላሉ» አልሽኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤው የኖርኩት ወጣ።

«አምስት ዓመትሽ እያለ የሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ ትቼሽ ሄጄ ነበር» አልኩሽ። «እናታችን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሊያገባኝ የፈለገ ሰው ነበር፤ አንቺን እንጂ ሁለታችሁን አልችልም አለኝ። ከረሜላ ገዝቼ እመጣለሁ ብዬሽ ነው የሄድኩት።»

እጅሽ ቆመ። ጣቶችሽ ከጆሮዬ ጀርባ ሲቀዘቅዙ ተሰማኝ። ልትጮሂብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጭንቅላቴን ወለሉ ላይ ለቅቀሽ ልትወጪ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ብትተፊብኝ ጠርጌው አርፍ ነበር። መሰርሰሪያው ቆመና እንደገና ጀመረ። ከዚያ፣ «ስላካፈሉን እናመሰግናለን» አልሽ።

እኛ ማንና ማን ነን ጩጬ? ክፍሉ ውስጥ እኮ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ደረጃው ላይ ትናገራለች አልኩ። መንገዱን ስንሻገር፣ አልኩ። እቤት በር ላይ ቁልፉን ስትፈልጊ ቆየሽ፤ አሁን ነው አልኩ። «ዛሬ ጎበዝ ነበርሽ እትዬ» አልሽኝ። «ትከሻሽን ብርድ እንዳያገኘው።»

ጽሑፍሽን የጨረስሽ ቀን ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጠ ትተሽው ሱቅ ወረድሽ። ከኔ አትደብቂም ነበር፤ ከማታነብ ሰው ምን ይደበቃል? በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አንዱን ገጽ ስጨርስ የቀዳሁት ሻይ ቀዝቅዞ ነበር። «ወይዘሮ ሀ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት፣ ልብስ ተኳሽ። በሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ሕፃን ትታ መሄዷን ገለጸች። ከዚህ በኋላ የቀኝ ክንዷ ወደ ላይ የመነሣት አቅም በሠላሳ ዲግሪ ጨምሯል» ይላል።

ሠላሳ ዲግሪው ውሸት አይደለም። ሠላሳ ዓመት ካውያ የገፋ ትከሻ ተፈታ። አሁን ወንበር ላይ ሳልወጣ ላይኛው መደርደሪያ እደርሳለሁ። ሌላው ሰውነቴ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ሆኗል፤ ብቆነጥጠው የሌላ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ «አንዲት ሕፃን» የሚለውን አነበብኩት። ስትመለሺ ወረቀቱን እንደነበረ አድርጌ ነበር። ምንም አላልኩሽም። ምናልባት በምታቀርብበት ቀን፣ በሰው ፊት፣ ከወረቀቱ ቀና ብላ ትናገረዋለች ብዬ ነው።

ያ ቀን መጣ። ለእያንዳንዱ ተመራቂ ከፊት ሁለት ሁለት የቤተሰብ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ያንቺ ሁለቱ ባዶ ነበሩ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከተገልጋዮቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ አንድ ወገቡን የሚያመው ሹፌር አጠገቤ ነበር። አሳምረሽ አቀረብሽ። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። ሰባተኛው ላይ ስትደርሺ አሰልጣኝሽ ዓይኗን ጠረገች። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ሽበታሙ ሐኪም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና፣

«ልጅቷስ? የት ደረሰች?» አለሽ።

«እኔ ነኝ» ብትዪ ምስክር ወረቀቱን እንደምትከለከዪ አውቃለሁ። የሁለት ዓመት ልፋትሽ ነው፤ ሥራሽንም ለቅቀሻል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የጠበቅሁት። አፍሽ ባይናገር እንኳ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አንዴ አየት ብታደርጊኝ ይበቃኝ ነበር።

«ስለ ልጅቷ መረጃ የለኝም» አልሽ። ገጹንም ገለጥሽ።

ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ክንዴም ከፍ ብሎ ነበር።

በኋላ አሰልጣኝሽ መጥታ ሁለት እጄን ያዘች። «ታዲያ፣ ጎረቤትዎን አዩዋት? አሁን ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም።»

«አዩ! ደስታ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል» ብላ አቀፈችኝ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆነ። አንቺ በወሩ አሁን ወዳለሽበት ከተማ ሄድሽ። አልተናደድኩም፤ አላለቀስኩም፤ እንቅልፍም አልነሳኝም። ላውንደሪ እገባለሁ፤ አንገትጌ፣ እጅጌ፣ ጀርባ፣ ደረት፤ ቀጥሎ ሌላ ሸሚዝ። ባልደረባዬ «ምነው ዝም አልሽ፣ ተኳሹ ተተኮሰ እንዴ?» ስትለኝ ለወጉ እስቃለሁ። ባለፈው እሑድ የድምፅ መልእክትሽ ባይመጣ ኖሮ ይህንንም አልጽፍም ነበር።

«እትዬ፣ ቅዳሜ የራሴን ክፍል ልከፍት ነው!» አልሽ። «መጥተሽ ሰዎቹ ፊት አንዴ ትተኚልኛለሽ፤ ምን እንደሠራን አሳያቸዋለሁ። ታሪክሽን እኮ ሰው ሁሉ ወዶታል። እዚህም ያው ጎረቤቴ ነሽ፤ አደራ፣ ጩጬ እንዳትዪኝ!» መጨረሻው ላይ ሳቅሽ ይሰማል።

አሁንስ የምን ደንብ ነው? ምስክር ወረቀቱ ግድግዳሽ ላይ ተሰቅሏል። ክፍሉ ያንቺ፣ በሩ ያንቺ። ማን ከለከለሽ?

ስለዚህ ሐኪሙ የጠየቀውን እኔ ልመልስለት። ስለ ልጅቷ መረጃ አለኝ። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር፤ አንዱ ቁልፍ የሌላ ልብስ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬአት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስድስት ፌርማታ ሄድኩ። ሰባተኛው ላይ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ዛሬም አላውቅም። ስለወደድኩሽ ነው ብዬ አላሳምርልሽም፤ እግሬ ነው የወረደው። መንገዱን ሁሉ በእግሬ ተመለስኩ። ልጅቷ ካስቀመጥኳት ቦታ አልተነቃነቀችም። ዘበኛው ፀሐይ እንዳይመታት ባርኔጣውን አድርጎላት ነበር፤ እስከ አፍንጫዋ ውጧታል።

«የማን ናት?» አለኝ።

«የኔ ናት።»

«ያንቺ ከሆነች ይዘሻት ሂጂ። እኔም አላየሁሽ፣ አንቺም አላየሽኝ።»

ልጅቷ ባርኔጣውን አውልቃ ሰጠችው። ቀና ብላ አየችኝና «ከረሜላውስ?» አለች። አልገዛሁም ነበር። እስከ ቤት ድረስ ቀሚሴን ጨብጣ ሄደች። ሁለት ወር ሙሉ አልለቀቀችውም፤ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በበሩ ሥር ጣቷን ታሾልካለች። ከዚያ ለቀቀችው። ከዚያ ረሳችው። ሰውዬውን ዳግመኛ አላየሁትም፤ እሱን ውለታ አድርገሽ እንድትቆጥሪልኝ አይደለም የምጽፈው።

ያደረግሁትን አድርጌአለሁ። ልትረግሚኝ ትችያለሽ፤ ይቅር ልትዪኝም ትችያለሽ። ያን ቀን የነገርኩሽ ከሁለቱ አንዱን እንድትሰጪኝ ነበር፤ የቱም ቢሆን ግድ አልነበረኝም። አንቺ ግን ነጥብ አገኘሽበት።

ቅዳሜ አልመጣም። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ ምንጣፍሽ ላይ አልተኛም። ያንን ታሪክ ለሰው ብትነግሪ አፍሽን አልይዝም፤ ግማሹ ያንቺ ነው፤ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ አታንሺው ብቻ። እኔን ለመውቀስ ብትመጪ ቤቴ እዚያው ነው፤ አልተዘዋወርኩም።

ከማሳደጊያው በር ከመለስኩሽ ቀን ጀምሮ አንቺ ያለሽበት ቦታ ሁሉ ቀድሜ ሳልደርስ ቀርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ስትለቀቂ በሩ ላይ፤ ፈተና ስትጨርሺ ከአጥሩ ውጭ፤ መድኃኒት ቤቱ ሲዘጋ ከመንገዱ ማዶ። «ምን ያስቸኩልሻል እትዬ፣ እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ» ስትዪኝ በዚያው ሳልፍ ነው እላለሁ። በዚያ የማልፍበት ምንም ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም። ያቺ ልጅ ድንጋዩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አንዴ ስላገኘኋት ነው።

ከእንግዲህ ቀድሜ ደርሼ፣ በር ላይ ቆሜ አልጠብቅሽም።

እህትሽ