የአባያ ውሃ ለምን ቀላ?

ልጄ ሲላስ፣ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ፤ የአገሩንም ብርድ ያቅልልህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህ ሙዝ ሊያስቆርጥ ላንቴ እርሻ ወርዷል።

የላክህልኝን ታብሌት ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ ሰጠኋቸው። ባለፈው ሳምንት «የአባያ ሐይቅ የቀላው ከሥሩ ባለው ቀይ ድንጋይ ነው» ብዬ አስተማርኩ፤ ሃያ ዓመት እንዲሁ ስል ነው የኖርኩት። ክፍል ውስጥ ተናግራ የማታውቀው ተማሪዬ ዘሪቱ ታብሌቱን ይዛ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ወንዞች የሚያመጡት አፈር ነው ይላል» አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። ከመጽሐፍ ጋር ብናመሳክረው እውነቷን ነው። «በይ ጮክ ብለሽ አንብቢልን» አልኳት። እየተንተባተበች እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ልጆቹ ሲያጨበጭቡላት እኔም አጨበጨብኩ።

ጡረታ ውጪ ያልከኝን እስኪ አንድ ዓመት ታገሰኝ፤ መማር ገና መጀመሬ ነው። እጅህ ይባረክ፤ ጌታ በምትሄድበት ሁሉ ይቅደምልህ።

እናትህ