ግድቡ ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር

ንቲንዳ፣ ካምፓላ

ይድረስ ለልጄ ሚስት፣ በብርድ አገር ላለሽው።

እንደምን ሰነበትሽ? ትንሿስ እንዴት ናት? ሳሏ ለቀቃት ወይ? ያ ነፋሳችሁስ ትንሽ ጋብ አለላችሁ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴንም ልኩን እያሳየሁት ነው፤ ኋላ እነግርሻለሁ።

ይህን የምትጽፈው ልጄ ነጻነት ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ አንድም ቃል እንዳታስቀር በእናቷ አጥንት አስምያታለሁ። ለምን በስልክ አልነገሩኝም እንዳትይ። ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ መስመሩ ይቆረጣል፤ መልሰን ስንደውል ደኅና ነን እንባባላለን። ወረቀት አይቆረጥም። ደግሞም ነጻነት ይህን በገዛ እጇ እንድትጽፈው ፈልጌያለሁ። ምክንያቱን ስትደርስበት ታውቀዋለች።

መጀመሪያ የሚገባሽን ልስጥሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስምሽን በአፌ አላነሳሁም። "ያቺ" ነበር የምልሽ። ልጄ ሽማግሌ ሳይልክ፣ እኔን ሳያስፈቅድ፣ ቢሮ ገብቶ ፈርሞ አገባሽ፤ ሰርጋችሁን በስልክ ፎቶ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ኪሩ በየዓመቱ "አባባ ና፤ እዚህ ደጋው ላይ ውሃ አለ፣ ዙሪያውን አብረን እንራመዳለን" ይለኝ ነበር። "እኔ መኪና የምጠግን ሰው ነኝ፣ ውሃ የምዞር ዳክዬ አይደለሁም" አልኩት። ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸው ተናገርኩት፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

አምና ደግሞ "ኪሩ ባሕር ላይ ሥራ ይዟል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም፣ አንተ ግን ሄደህ ቤቱን እይለት" ብላ ነጻነት ወተወተችኝ። በጥቅምት መጣሁ። ቤትሽን አየሁ። የሠራሽልኝን ሽሮ በላሁ፤ ጨው ያንሰዋል፣ እሱን አልዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወደዚያ ደጋ ትወስጂኝ ጀመር፤ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ግድብ፣ ወደ ሌላ ሐይቅ።

መጀመሪያ ሳየው አገር አልመሰለኝም። ዛፍ የለ፣ ጭስ የሚወጣበት ቤት የለ፤ ቡናማ ቁጥቋጦና ረግረግ ብቻ። ብርዱ ጣርማ በርን ያስንቃል። እረኛ የሌላቸው በጎች ቂጣቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ይንጎራደዳሉ። "እነዚህስ ታርጋ አላቸው" ስልሽ ሳቅሽ፤ በዚያ ወር የሳቅሽው እሱን ብቻ ነው። ሽማግሌው ባልቴቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ "ሞርኒንግ" እያለ ያልፋል። የት ነው የሚሄዱት ብልሽ የትም አልሽኝ፤ ውሃውን ዞረው መኪናቸው ጋ ይመለሳሉ። ሥራ ፈቶች አልኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ጫማዬን አስሬ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩሽ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ግድብ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ታስታውሻለሽ። መደገፊያው ላይ መዳፍ የምታህል የነሐስ ሰሌዳ ተመትታለች። ምንድን ናት አልኩሽ። ፊትሽን ወደ ውሃው አዙረሽ፣ እዚህ መራመድ ይወድ የነበረ ሰው ሲያልፍ ቤተሰቡ በስሙ ወንበር ያቆምለታል፣ የደከመው ሁሉ ያርፍበታል አልሽኝ። "ከሐውልት ይሻላል፤ ሐውልት ላይ ማን ይቀመጣል?" አልኩ። ልትናገሪ ጀመርሽና ሻይ ቀዳሽልኝ። በየውሃው ዳር እንዲሁ ነበርሽ። አንድ ነገር ልትነግሪኝ አፍሽን ትከፍቻለሽ፤ ከዚያ "አባባ፣ ደከሙ?" ትያለሽ። እኔ አልደከመኝም ነበር። የደከመሽ አንቺ ነበርሽ።

ስሚኝ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ለጎረቤቴ ለአድማሱ የእናቱን መርዶ አራት ወር የደበቅነው እኛው ነን፤ አስተባባሪውም እኔ ነበርኩ። ልቡ ደካማ ነው፣ ቀስ ይባል እያልን ስንጋብዘው ከረምን። ስለዚህ ሰው ባንዴ ደግ ሲሆንብኝ እጠረጥራለሁ። ነጻነት ጥሬ ሥጋ እንዳትነካ፣ ሐኪሙ ከልክሎሃል ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት፤ አምና ራሷ ቁርጥ ገዝታ አመጣችልኝ። የኪሩንም ድምፅ በስልክ አስደመጣችሁኝ፤ "ሰላም ነኝ አባባ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።" በወሩ ሌላ መልእክት መጣ ተባለ። ያው ነው። ከኋላው የሚያልፍ የናፍጣ መኪና አለ፣ አንዱ ፒስቶን አይሠራም። በሁለቱም መልእክት አይሠራም። ሞተር በድምፁ የሚለይ ሰው በዚህ አይታለልም። ግን መጠርጠር ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። ማወቅ ያልፈለገ ሰው ደግሞ ራሱን ማታለል አያቅተውም።

አራተኛው ቅዳሜ የድንጋይ ማማ ወዳለው ትልቁ ግድብ ሄድን። ትንሿ ኤዶም ከመኪናው ወርዳ፣ ወደ ገዛ ቤቷ እንደምትገባ ሁሉ ሮጣ አንዱ አግዳሚ ላይ ወጣች። አንቺ ቀድመሽኝ ደርሰሽ ሻርፕሽን መደገፊያው ላይ ጣልሽ። በዚያ ብርድ ሻርፕ ይወለቃል? ከዚያ ሻዩን ረስተናል ብለሽ ልጅቷን ይዘሽ ወደ መኪናው ተመለስሽ። ነፋሱ ሻርፑን ገለጠው፤ መደገፊያው ላይ እንደዚያችው ያለች የነሐስ ሰሌዳ አለች።

ላይኛው ጽሕፈት የእንግሊዝ ነው፣ አላውቀውም። ከሥሩ ግን ሁለት የእኛ ፊደሎች ነበሩ። በዓለም ላይ የማውቃቸው ሁለት ፊደሎች። ጋራዤን በልጄ ስም ስሰይመው አንድ ሰዓሊ በሩ ላይ ጽፎልኛል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት፣ በየፋሲካው፣ ቀለሙን በብሩሽ እየተከተልኩ የማድሰው እኔ ነኝ። ቀኝ እግሯ ላይ ጫማ ያላትንም፣ ጎንበስ ያለችውንም ጨለማ ውስጥ በጣቴ አውቃቸዋለሁ። ጣቴን አስኬድኩባቸው። ከጎናቸው ቁጥር ነበር። ቁጥር ደግሞ አውቃለሁ፤ ያረጀሁት የመለዋወጫ ቁጥር ሳነብ ነው። የግራው ፓስፖርት ባወጣሁለት ጊዜ ሁሉ የተናገርኩት የልደቱ ዓመት ነው። የቀኙ ያኔ የነበርንበት ዓመት ነው።

ነጻነት ብዕሩን ጥላ ወጥታ ነበር። ፊቷን ታጥባ ተመልሳለች። "አባባ፣ ታውቅ ነበር?" አለችኝ። ከጥቅምት ጀምሮ አልኳት። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልክ?" አለች። እናንተስ? አልኳት። ይህንንም ጻፊው ብያት ነው የጻፈችው።

ሰሌዳዋን ሻርፑን መልሼ አለበስኳት። ነፋሱ እንዳይወስደው ጫፉ ላይ ጠጠር ጫንኩበት። ሻዩን ይዘሽ ስትመጪ መጀመሪያ ያየሽው ሻርፑን ነው። "አባባ፣ ደከሙ?" አልሽኝ። አዎ፣ አሁን ደክሞኛል፣ እንመለስ አልኩሽ። ውሃውን ግማሹን እንኳ ሳልዞር ተመለስኩ። ያኔ ብናገር ልጅቷ ፊት ትወድቂ ነበር። እኔም እወድቅ ነበር፤ በሰው አገር፣ አይዞህ ባይ በሌለበት፣ ታርጋ ያላቸው በጎች እያዩኝ። አላደረግኩትም።

አሁን የቆረጥኩትን ስሚ። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ይተከላል። ለእድራችን ዳኛ ለወልደየስ ነግሬዋለሁ። "እኛ እኮ በማለዳ መጥተን ልናረዳህ ቀን እየመረጥን ነበር" አለኝ። አትልፉ፣ በዚህ ቤት የሚያረዳው እኔ ነኝ አልኩት። ነጻነት ጥቁሯን ትልበስ። ዓመት ሙሉ እኔን ብላ በቀይ ቀሚስ ታንቃ ኖራለች። አንቺም እዚያ ብቻሽን ያለቀስሽው ይበቃል። እሑድ ስልኩን ከፍተን እናስቀምጠዋለን፤ እዚያ ሆነሽ ከእኛ ጋር አልቅሺ።

በግንቦት ደግሞ እመጣለሁ። አትምጣ የሚለኝ ሐኪምም ሆነ ልጅ አልሰማም። በየማለዳው ናጉሩ ኮረብታን እወጣለሁ። የቦዳ ሞተር ሳይክል ነጂዎቹ "ጃጃ፣ ውጣ እናድርስህ" ይሉኛል፤ አያታችን ማለታቸው ነው። ሂዱ ወዲያ፣ ገና የምዞረው ውሃ አለኝ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋባ ወርጄ ከዓሣ ገበያው ጀምሬ የሐይቁን ዳር ይዤ እሄዳለሁ። ያ ሐይቅ ዞረው የሚጨርሱት አይደለም፤ የእናንተው ግድብ ግን ልክ አለው። ለምን እንደሆነ ሳልነግራት ነጻነትን ስንት ነው ብዬ አስፈልጌያታለሁ፤ ዙሪያው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው አለችኝ። ትናንት አሥር ሄጃለሁ።

ስመጣ ሽማግሌ ይዤ ነው የምመጣው፤ ሽማግሌውም ራሴ ነኝ። ደጅሽ ላይ ቆሜ አባት ልሁንሽ ብዬ እጠይቅሻለሁ። ልጄ ያስቀረውን ወግ እኔ እፈጽመዋለሁ። እምቢ ካልሽ መብትሽ ነው፣ እዚያው ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ።

አንቺን ያቃተሽ ያ ቃል እኔንም አቅቶኛል። እሑድ እለው ይሆናል።

የጋራዡን በር የምቀባበትን ጥቁር ቀለምና ቀጭን ብሩሽ እይዛለሁ። ያ ነፋስ ፊደሉን ሳይበላው በየዓመቱ አድሰዋለሁ፤ ዕድሜዬ እስከፈቀደ እኔ፣ ከዚያ ወዲያ ኤዶም። እጇን ይዤ አሳያታለሁ። ውሃውን ዙሪያውን ዞረን ስንጨርስ እዚያ እናርፋለን። ሻርፕሽን አንገትሽ ላይ አድርጊው።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ቤትሽን ሳቅ አይራቀው። ትንሿን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ። ያጸናሽ፣ ያጽናናሽ፤ እኔንም እስከ ግንቦት በእግሬ ያቁመኝ።

ከዚህ በታች መካከል ላይ ያሉትን ሁለት ፊደሎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ቢጣመሙ በብሩሽ እንጂ በብዕር ስላልለመድኩ ነው። የቀረውን ነጻነት ሞልታዋለች።

የኪሩ አባት፣
የአንቺም